ማንም ያልዘራው

ናስር ከመስከት ሐሙስ ማታ ይመጣል፤
በነጭ ፌስታል መድኃኒት ያመጣል።
እናቱ ዙወይና፣ መርቃ፣ አመስግና፣
ፍሪጅ ውስጥ ታኖረዋለች፣ ከቲማቲሙ ጎን፣
እንደታሸገ፣ ደኅና።

እሱ ሲመለስ ግን፣ ሳሉ ሲጀምራት፣
ሌሊቱን በሙሉ ደረቷን ሲያርሳት፣
በምርኩዟ ጫፍ በሬን ትመታለች።
«ተነሺ፣ ሲንዱ» ትላለች፣
«ፀሐይ ሳትቀድመን።»
ለሰማንያ ዓመቷ ዳገቱ ሜዳ ነው፤
የማለከልከው እኔ ነኝ።

ከሸረይጃ እርከን በላይ፣ የሮማኑ ዛፍ ሲያልቅ፣
የመስኖው ቦይ ድምፅ ከኋላችን ሲርቅ፣
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር በሚጣላበት፣
ፍየል እንኳ አስቦ በሚረግጥበት፣
ጎንበስ አለች።

ከማየቴ በፊት በአፍንጫዬ አወቅሁት፤
ቀንጥሳ ስትሰጠኝ በጣቴ አሸሁት።
«ዘዕተር» አለች እሷ።
«ጦስኝ» አልኳት እኔ።
«ቶ... ቶስን...»
«ጦ» ጥርሷ ላይ ቀረ፣ እንደ ጠጠር ከብዶ፤
«ኝ» ካፍንጫዋ በር ተመለሰ ሄዶ።
ሳቀች። ሳሏ መጣ። ሳቅና ሳሉን
አንድ ላይ ጨረሰቻቸው።

አልዋሽም፣ አንድ አይደሉም።
የሷው ቅጠል ሰፋ ይላል፣ ግንዱም ቆሞ ያድጋል፤
የኛው የመንዝ ጦስኝ መሬት ለመሬት ይሳባል፣
በግ ሲረግጠው ነው ሽታው የሚነሳ።
ግን የአክስት ልጅ ናቸው፤ ባሸኋቸው ቁጥር
ዘር ይቆጥራሉ።
ሁለቱንም ማንም አልዘራቸው፤
ሁለቱንም ማንም አላጠጣቸው።

«ወተቱ ሳይገነፍል፣ ጠርዙ አረፋ ሲያወጣ፣
አንድ ጭብጥ ጣይበት፤ እሳቱን አጥፊለት።
ክደኚው። ከፍተሽ አትዪው፤
ያፍራል።»
የተረፈውን ከዱቄት ጋር አቡክታ
እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ ትጋግራለች።
እኔም ተደብቄ ሽሮዬ ላይ ነሰነስኩ።
ደረሰችብኝ። ቀመሰች። ዝም አለች። ደገመች።
«ሽንኩርቱ በዛ» አለች፣
ሳህኑን ግን ጠርጋ መለሰች።

ለሆድ ቁርጠት ደግሞ ጀዕዳ የሚሉት አለ፤
ኮሶን ያስመሰግናል። አንዴ አጠጣችኝ፤
ከዚያ ወዲህ ሆዴን አሞኝ አያውቅም፣
ቢያመኝም አልናገርም።

ግን ቅጠል ሁሉን አያውቅም።
በጥር አንድ ሌሊት፣ ውርጭ በወደቀበት፣
ግንባሯ እንደ ብረት ጋለ።
ወተቱን አፈላሁ፤ አልዋጥ አላት።
ሁለተኛ አፈላሁ። አክታዋ ላይ ደም አየሁ።
ያኔ ለተራራው ጀርባዬን ሰጠሁት፤
ስልኬን አንስቼ ናስርን ቀሰቀስኩት።
ጎረቤታችን ኸልፋን በመኪናው ቁልቁል ይዞን ወረደ፣
ጠመዝማዛውን፣ እስከ ኒዝዋ፤
ራሷ ጭኔ ላይ፣ እጇ ኪሴ ውስጥ፣
ደረቁን ቅጠል ጨብጣ።

«ምን አጠጣሻት?» አለችኝ ነርሷ።
ዐረብኛው ጠፋኝ። «ጦስኝ» አልኳት።
ዙወይና ካልጋው ላይ፣ የኦክስጅኑን ጭምብል ገፍታ፣
«ዘዕተር ማለቷ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ።

አሁን ውል አለን። ኪኒኑን ትውጣለች፣
በዘዕተር ወተት ከሆነ ብቻ።
ናስር ይጠይቃል፦ «ያሻላት የቱ ነው?»
እሷ ተራራውን ታያለች፣ እኔ ፍሪጁን፤
ማናችንም አንመልስለትም።

ባለፈው ዓርብ ልብስ ሳጥብ ኪሴን መፈተሽ ረሳሁ።
ቅጠሉ ማሽኑ ውስጥ ተበተነ፤
የናስር ነጭ ዲሽዳሻ፣ የልጆቹ፣ የእንግዳው ጭምር፣
ጦስኝ ጦስኝ እያለ ሽቦ ላይ ተሰጣ።
እሑድ ሊነጋጋ ሲል ናስር ለበሰ፤
ያንገቱን ዘርፍ እንደ ልማዱ ዑድ ነከረ፤
እጅጌውን አሸተተ።
እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣
ምንም ሳይል መኪናውን አስነሳ።

መስኮቱን ዘግቶ ነበር የሄደው።